በ28 ቀን የሚያልቅ ሥራ፦ የፅንስ ሴሎች ተጎታትተው የአንጎላችንን መሠረት የሚጥሉበት መንገድ

አንዲት ሴት የወር አበባዋ 2 ሳምንት ዘገየባት እንበል። ገና አልተመረመረችም። "ጭንቀት ይሆናል" ብላ ትታውም ሊሆን ይችላል። እስቲ ገምቱ፦ በዚህ ሰዓት ማህፀኗ ውስጥ ያለው ፅንስ ምን ያህል ሥራ ጨርሷል?

መልሱ ብዙ ሰው ያስገርማል። ፅንሱ ከአንድ የሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ግን ወደፊት አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነውን ቱቦ ሠርቶ፣ ከላይ እስከ ታች ዘግቶ ጨርሷል። ከተፀነሰ ገና 28 ቀን ገደማው ነው።

ይሄ ቱቦ የነርቭ ቱቦ ይባላል። በትክክል ካልተዘጋ መዘዙ ከባድ ነው። ክፍተቱ ጀርባ ላይ ከሆነ ህፃኑ ስፓይና ቢፊዳ ከሚባለው ችግር ጋር ይወለዳል፤ እግሮቹ ላይታዘዙለት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። ክፍተቱ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ደግሞ አንጎሉና የራስ ቅሉ በአግባቡ አይሠሩም፤ እንዲህ ያለ ህፃን በሕይወት አይቆይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሄ ችግር ከብዙ አገሮች በላይ በብዛት ይታያል። ቁጥሩን ወደ በኋላ አመጣላችኋለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንረዳ። ቱቦውን የሚዘጋው ማነው? በምን ጉልበት? ይሄን ስታውቁ፣ ሐኪሞች "ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሩ" እያሉ ለምን እንደሚወተውቱ በደንብ ይገባችኋል።

እጅ የሌለው ወረቀት አጣጣፊ

አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ሁለቱን ጠርዞች ወደ ላይ አንሱና መሃል ላይ አገናኟቸው። ቱቦ ሆነ አይደል?

ፅንሱም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። በ3ኛው ሳምንት ላይ ፅንሱ ዝርግ ነው፤ የተደራረቡ የሴል ንጣፎች ናቸው ያሉት። ከላይኛው ንጣፍ መሃል ያለው ክፍል ይወፍርና ጠፍጣፋ ሳህን የመሰለ ነገር ይሆናል። ከዚያ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ ወደ መሃል ይታጠፋሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይጣበቃሉ። በመጨረሻ ቱቦው ከላዩ ካለው ቆዳ ተለይቶ ወደ ውስጥ ይገባል።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ወረቀቱን ያጠፈው የእናንተ እጅ ነው። ፅንሱን ግን ከውጪ ሆኖ የሚያጥፈው እጅ የለም። ወረቀቱ ራሱን በራሱ ማጠፍ አለበት። ይሄ የሚሆነው ደግሞ እያንዳንዷ ሴል ቅርጿን ስትቀይር፣ ቦታዋን ስትለቅና ጎረቤቷን ስትጎትት ነው።

ሴል አጥንት የላትም፣ ጡንቻም የላትም። ታዲያ በምን ትጎትታለች? በአክቲን።

አክቲን፦ እንደ ታክሲ ሰልፍ ያለ ገመድ

አክቲን ፕሮቲን ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ባለበት ሰዓት፣ ሃንጋሪ ውስጥ ሴገድ በምትባል ከተማ ነው። ያገኘው በኖቤል ተሸላሚው አልበርት ሴንት ጆርጂ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ብሩኖ ሽትራውብ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ሲሆን፣ ያወጣው ከጡንቻ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ "የጡንቻ ነገር ነው" ተብሎ ታሰበ። በኋላ ግን ጡንቻ ባልሆኑ ሴሎች ውስጥም እንዳለ ታወቀ። አሁን ስልካችሁን የያዘው የጣታችሁ ቆዳ ሴሎች ውስጥም አለ።

አንዷን የአክቲን ቅንጣት እንደ ዶቃ አስቧት። ዶቃዎቹ ሲቀጣጠሉ ክር ይሆናሉ፤ ክሩ እንደ ተገመደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር በ10,000 እጥፍ ገደማ ይወፍራል።

የአክቲን ትልቁ ተሰጥኦው ግን ቋሚ አለመሆኑ ነው። የታክሲ ሰልፍን አስቡ። ከኋላ ሰው ይጨመራል፣ ከፊት ሰው ተሳፍሮ ይሄዳል። ሰልፉ እዚያው አለ፤ ሰዎቹ ግን ተቀይረዋል። የአክቲን ክርም እንደዚያ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ዶቃ ይጨመርበታል፣ በሌላኛው ይረግፋል። ሴሏ ክሩን በሰከንዶች ውስጥ ማስረዘም፣ ማሳጠር፣ አፍርሳ ሌላ ቦታ መሥራት ትችላለች።

ከዚህ ሁለት ጉልበት ይገኛል። አንደኛው መግፋት ነው፤ ክሩ የሴሏን ሽፋን ተደግፎ ሲያድግ ሽፋኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሁለተኛው መሳብ ነው፤ ሚዮሲን የሚባል ሞተር ፕሮቲን ክሮቹን ይዞ እርስ በርስ ሲያንሸራትታቸው ገመዱ ይኮማተራል። ክንዳችሁን ስታጥፉ ጡንቻችሁ የሚኮማተረውም በዚሁ ዘዴ ነው።

አክቲን ብቻውን ምን ያውቃል?

ምንም አያውቅም። የት ማደግ እንዳለበት፣ መቼ ማቆም እንዳለበት፣ ወደ የት መሳብ እንዳለበት የሚነግሩት ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። የሕንፃ ሥራ ላይ ብረትና ሲሚንቶ ብቻውን ቤት አይሆንም አይደል? ፎርማን ያስፈልገዋል፣ ብረት ቆራጭ ያስፈልገዋል፣ ዕቃ አቀባይ ያስፈልገዋል። ዋና ዋናዎቹን እናስተዋውቃችሁ፦

• ፕሮፊሊን፦ ዕቃ አቀባዩ። ነፃ ዶቃዎችን ይዞ ወደሚያድገው የክር ጫፍ ያደርሳል።

• ፎርሚን፦ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ክሮችን የሚያሠራ።

• አርፕ 2/3፦ ከነባር ክር ጎን ላይ አዲስ ቅርንጫፍ የሚያበቅል። ቅርንጫፎቹ ሲበዙ መረብ ይሆኑና የሴሏን ፊት በሰፊው ይገፋሉ።

• ኤና/ቫስፕ፦ የክሩ ጫፍ ላይ ቆሞ "ቀጥል፣ አታቁም" የሚል። ሴሎች ቀጫጭን ጣት የመሰለ ነገር ሲያወጡ እሱ አለበት።

• ኮፊሊን፦ መቀሱ። ያረጁ ክሮችን ይቆራርጣል፤ ዶቃዎቹ ተፈትተው እንደገና ሥራ ላይ እንዲውሉ ያደርጋል።

• ራክ እና ሮ፦ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ። በጥቅሉ ሲታይ ራክ ሲበራ ሴሏ ወደ ፊት ትገፋለች፤ ሮ ሲበራ ትኮማተራለች።

ስማቸውን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ዕቃው ለሁሉም ሴል አንድ ነው፤ ሴሏ የምትሄድበትን አቅጣጫና የምትይዘውን ቅርፅ የሚወስነው ግን ከእነዚህ አዛዦች የትኛው፣ የት ቦታ ላይ፣ መቼ መሥራቱ ነው። አሁን የነርቭ ቱቦው ላይ ምን እንደሚሠሩ እንይ።

እርምጃ 1፦ ሰልፉን ማጥበብ

ቱቦው ከመታጠፉ በፊት ጠፍጣፋው ሳህን ጠባብና ረጅም መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ ሁለቱ ጠርዞች በጣም ይራራቃሉ፣ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ሁለት የታክሲ ሰልፎች ወደ አንድ ሲቀላቀሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከግራና ከቀኝ ያሉት ሰዎች በመሃል በመሃል ይገባሉ። ሰልፉ ይጠባል፣ ግን ይረዝማል። የፅንስ ሴሎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ወደ ጎን አክቲን የሞላበት ክንድ ይዘረጋሉ፣ ጎረቤታቸውን ይይዛሉ፣ ራሳቸውን ይጎትቱና በመሃል ይገባሉ።

ግን እያንዳንዷ ሴል የትኛው ጎን፣ የትኛው ራስጌ እንደሆነ በምን ታውቃለች? እዚህ ላይ አቅጣጫ ጠቋሚ የሆኑ የፕሮቲን ቡድኖች አሉ። ከእነሱ አንዱ ቫንግል 2 ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች በሴሏ አንድ ጎን ተሰብስበው፣ እነ ሮ አክቲንን በየት በኩል እንዲያሠሩ ይመራሉ። ቫንግል 2 የተበላሸባቸው አይጦች ላይ ሳህኑ ሰፊና አጭር ሆኖ ይቀራል። ውጤቱም ከሁሉም የከፋው ነው፤ ቱቦው ከአንጎል ሥር ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

እርምጃ 2፦ የከረጢቱን አፍ መሳብ

አሁን ሳህኑ ጠቧል። ቀጥሎ መታጠፍ አለበት።

የቱታ ሱሪያችሁን የወገብ ገመድ አስቡት። ገመዱን ስትስቡ ወገቡ ይጠባል፤ ከታች ያለው ጨርቅ ግን እንደነበረው ነው። አንዳንድ የሳህኑ ሴሎች ልክ እንደዚህ አናታቸው ዙሪያ የአክቲን ቀበቶ አላቸው። ሚዮሲን ቀበቶውን ሲስበው የሴሏ አናት ይጠባል፣ ታችዋ ሰፊ እንደሆነ ይቀራል። ሴሏ ሽብልቅ ትሆናለች። በድንጋይ የተሠራ ቅስት በር ላይ ድንጋዮቹ አንድ ጎናቸው ጠበብ ያለ ነው፤ ቅስቱ የሚታጠፈውም ለዚያ ነው። የተደረደሩ ሴሎችም ሽብልቅ ሲሆኑ ንጣፉ ራሱ ይታጠፋል።

ታዲያ ለእነዚህ ሴሎች "አሁን ሳቡ" የሚላቸው ማነው? ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሽሩም 3 የሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ አስቂኝ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጄፍሪ ሂልደብራንድና ፊሊፕ ሶሪያኖ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጂን የተበላሸባቸው የአይጥ ፅንሶችን አጠኑ። የጭንቅላታቸው ጠርዞች ወደ ውስጥ ታጥፈው መገናኘት ሲገባቸው ወደ ውጪ ተገልብጠው እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ተዘርግተው አገኟቸው። እንጉዳይ በእንግሊዝኛ "መሽሩም" ነው፤ ጂኑንም "ሽሩም" አሉት።

ሽሩም 3 አክቲን ላይ ይቀመጥና ሮክ የሚባለውን ኢንዛይም ወደ ሴሏ አናት ይጠራል። ሮክ ሚዮሲንን ያነቃዋል፣ ሚዮሲን ቀበቶውን ይስባል። በ2003 በእንቁራሪት ፅንስ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ተመራማሪዎቹ ሽሩምን በተፈጥሮ እንዲህ በማይጠቡ ሴሎች ውስጥ ሲጨምሩት፣ እነዚያም ሴሎች አናታቸውን አጠበቡ። ማለትም ይሄ አንድ ፕሮቲን ሳቡ የሚለውን ትእዛዝ ራሱ ይዞታል።

እርምጃ 3፦ እጅ ለእጅ መያያዝ

ሁለቱ ጠርዞች ተቀራርበዋል። አሁን መገናኘትና መጣበቅ ቀርቷቸዋል።

ጠርዝ ላይ ያሉት ሴሎች ወደ ማዶ ጣትና መዳፍ የመሰሉ ነገሮችን ይዘረጋሉ። ጣቶቹም መዳፎቹም ውስጣቸው አክቲን ነው። የማዶዎቹም ይዘረጋሉ። ሲነካኩ ይያያዛሉ፣ ይጎታተታሉ፣ እንደ ጃኬት ዚፕ ቱቦው እየተዘጋ ይሄዳል። መዘጋቱ የሚጀምረው ከአንድ ጫፍ አይደለም፤ አንገት አካባቢ ይጀምርና ወደ ላይም ወደ ታችም ይቀጥላል። የላይኛው ቀዳዳ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የታችኛው ደግሞ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል።

ጣቶቹን ከሚያሳድጉት የኤና/ቫስፕ ቤተሰብ አባላት አንዱ የሆነው ሜና ከአይጥ ፅንስ ላይ ሲጠፋ፣ ፕሮፊሊንም በግማሽ ሲቀንስ፣ ቱቦው አይዘጋም። ክር የሚያሳድጉት ሲጎድሉ ሥራው መቆሙ አይገርምም።

የሚገርመው መቀሱ ነው። ኮፊሊን ሥራው መቁረጥ ነው ብለናል። እሱ ቢጠፋ ክሮቹ ስለማይቆረጡ ጠንካራ ሆነው ሥራው የሚፈጥን ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአይጥ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። ኮፊሊን የሌላቸው ፅንሶች የነርቭ ቱቧቸው አልተዘጋም። ምክንያቱም የታክሲ ሰልፉ ከፊት ካልተንቀሳቀሰ ከኋላ ያለው ሰው ምንም አያገኝም። አሮጌው ካልፈረሰ ለአዲሱ የሚሆን ዶቃ የለም። ሴል ለመንቀሳቀስ መገንባትም ማፍረስም እኩል ያስፈልጋታል።

ከቱቦው ወጥተው የሚጓዙት

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። ቱቦው ሲዘጋ ከጠርዙ አካባቢ የተወሰኑ ሴሎች ከጎረቤቶቻቸው ተለያይተው ረጅም ጉዞ ይጀምራሉ። ራክ ከፊታቸው ይበራል፣ አክቲን ይገፋል፤ ሮ ከኋላቸው ይበራል፣ ጅራታቸው ይሰበሰባል። እንዲህ እየተሳቡ የሰውነትን ብዙ ክፍል ያዳርሳሉ።

ፊት ላይ የደረሱት የፊታችንን አጥንት ይሠራሉ። ቆዳ ውስጥ የደረሱት ቀለም ሰጪ ሴሎች ይሆናሉ። አንጀት ላይ የደረሱት የአንጀት ነርቮች ይሆናሉ። የአንጀቱ መጨረሻ ድረስ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ከቀሩ ደግሞ ህፃኑ ሂርሽስፕሩንግ ከሚባለው በሽታ ጋር ይወለዳል፤ የአንጀቱ የታችኛው ክፍል ነርቭ ስለሌለው ሰገራ አይገፋም፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ኮፊሊን ባልነበራቸው የአይጥ ፅንሶች ላይ እነዚህ ተጓዥ ሴሎችም መጓዝ አቅቷቸው ነበር።

እና ይሄ ሥርዓት ከተወለድን በኋላም አልተወንም። ጣታችሁ ሲቆረጥ ቁስሉን ለመሸፈን የሚሳቡት ሴሎች፣ ባክቴሪያ የሚያሳድዱት ነጭ የደም ሴሎች፣ ሁሉም በዚሁ አክቲን ነው የሚሄዱት። ካንሰርም ከአንድ አካል ወደ ሌላ ሲዛመት ይሄንኑ መሣሪያ ነው የሚጠቀመው።

ታዲያ ለምን አንዳንዴ ሳይዘጋ ይቀራል?

እስካሁን ያየናቸው ጥናቶች አይጥና እንቁራሪት ላይ አንድ ጂን ሙሉ በሙሉ ሲበላሽ የሚሆነውን ነው የሚያሳዩት። በሰው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ አይደለም። በርካታ ጂኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ድርሻ ይኖራቸዋል፤ በዚያ ላይ የእናት የስኳር በሽታ፣ እንደ ቫልፕሮኤት ያሉ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ የምግብ እጥረትም ይጨመራሉ። ሥራው የሚሠራው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ትንሽ ከዘገየ ጠርዞቹ የሚገናኙበት ሰዓት ያልፋል።

ከእነዚህ ምክንያቶች መሃል በእጃችን ያለው ትልቁ ነገር ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ነው።

ፎሌት ስሙ "ቅጠል" ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል ለይተው አወጡት። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ሉሲ ዊልስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም ቦምቤይ ውስጥ ደም ያነሳቸው ነፍሰ ጡር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ስታክም፣ ከእርሾ የሚሠራ ምግብ እንደሚያድናቸው ደርሳበት ነበር። ያዳናቸው ፎሌት መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

ሴል ለሁለት ስትከፈል ዲኤንኤዋን መገልበጥ አለባት። ለዚህ ፎሌት ያስፈልጋታል። የነርቭ ሳህኑ ሴሎች ደግሞ እየታጠፉም፣ እየተጎታተቱም፣ በፍጥነት እየተባዙም ነው። ፎሌት ሲያንስ ሠራተኛው ያንሳል፣ ሥራው ይዘገያል። ፎሌት ቱቦውን የሚጠብቅበትን ሙሉ መንገድ ሳይንስ ገና እያጠናው ነው። መጠበቁን ግን ማንም አይከራከርበትም።

ማስረጃው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ትልቅ ጥናት ነው። በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከላት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት እርግዝና የገጠማቸው 1,817 ሴቶች ተሳተፉ። ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ላይ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ በጣም ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። ፎሊክ አሲድ ማለት በፋብሪካ የተሠራ የፎሌት ዓይነት ነው። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ላይ እንዲጨመር አስገደደች፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም እንዲሁ አደረጉ።

72 በመቶ ማለት ግን 100 በመቶ አይደለም። ፎሊክ አሲድ እየወሰዱም ችግሩ የሚገጥማቸው እናቶች አሉ።

እኛ ጋ ያለው ቁጥር

በትግራይ ክልል 8 ሆስፒታሎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2017 በተሠራ ጥናት፣ ከ10,000 ወሊዶች 131ዱ ላይ የነርቭ ቱቦ ችግር ተገኝቷል። የዓለም አማካይ ከ10,000 ወደ 19 ገደማ ነው። ፎሊክ አሲድ በዱቄት ላይ ግዴታ ያደረጉ ብዙ አገሮች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከ10 በታች ነው። የሆስፒታል ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል፤ ከባድ እርግዝና ወደ ሆስፒታል ስለሚላክ ማለት ነው። ያም ሆኖ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው።

ለምን በዛ? አንዱ ምክንያት ሰዓቱ ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ፎሌት እንክብል ጥሩ ነገር ነው፤ ለደም ማነስ በጣም ይጠቅማል። ግን አብዛኞቹ እናቶች የመጀመሪያ ክትትላቸውን የሚጀምሩት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ቱቦው የተዘጋው፣ ወይም ሳይዘጋ የቀረው፣ በ28ኛው ቀን ነው። እንክብሉ የሚደርሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ምግብስ? ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ፎሌት አላቸው። ግን ፎሌት ሙቀት አይወድም፤ ረጅም ሰዓት ሲቀቀል ብዙው ይጠፋል፣ ውሃው ሲደፋ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ምግብ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር የሚያስገድድ ደረጃ አፅድቃለች። ይሄ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ጤፍና በቆሎ ሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጨው ሰው የፋብሪካ ዱቄት አይደርሰውም። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ሁሉም ቤት የሚገባውን ጨው እያሰቡ ያሉት፤ አዮዲን እንደሚጨመርበት ሁሉ ፎሊክ አሲድም እንዲጨመርበት።

ምን እናድርግ?

የዓለም የጤና ድርጅት ምክር አጭር ነው። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። ብዙ እርግዝና ሳይታቀድ ስለሚመጣ፣ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ ብትወስደው የሚመክሩ አገሮችም አሉ። ከዚህ በፊት የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት እርግዝና የገጠማት እናት የሚያስፈልጋት መጠን ከፍ ያለ ነው፤ 4 ሚሊግራም ድረስ ይሄዳል። እሱን የሚያዘው ሐኪም ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እህት ደግሞ ለማርገዝ ስታስብ ቀድማ ሐኪሟን ታናግር። በራሷ ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፤ እሱም አደጋ አለው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ሰፈር ውስጥ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። "እርግማን ነው"፣ "የሰው ዓይን ነው"፣ "እሷ ምን ሠርታ ነው?" ጥለዋት የሚሄዱ ባሎች አሉ። ልጁን ደብቀው የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አሉ።

አሁን እናንተ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከፀጉር ዘለላ በ10,000 ጊዜ የሚቀጥን ክር በሰዓቱ አልተሳበም። ሁለት ጠርዞች ሊነካኩ ትንሽ ቀርቷቸው ሰዓቱ አለፈ። ይሄ የሆነው እናትየው ማርገዟን ሳታውቅ ነው። እርግማን የለበትም፣ ጥፋተኛም የለበትም። ያ ልጅ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው ክፍተት በጊዜ በቀዶ ሕክምና ከተዘጋና ክትትል ካገኘ ትምህርት ቤት መግባት፣ ማደግ፣ መሥራት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ስታዩ ሆስፒታል የሚደርስበትን መንገድ ፈልጉለት።

ይሄን ጽሑፍ ለነፍሰ ጡር ብቻ አትላኩ፤ ለእሷ 28ቱ ቀን ምናልባት አልፏል። ገና ላላረገዘችው ላኩላት። ዘንድሮ ለምታገባው እህታችሁ፣ "ልጅ ልንወልድ አስበናል" ላላችሁ ጓደኛችሁ፣ ለባሏም ጭምር።